የመሪው ዘይት ለምን ወደ ላይ ወጣ?

የመኪናዬ መሪ ማቃሰት የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጠዋት ከግቢ ስወጣ ጎማዎቹን ወደ አስፋልቱ ለማጠፍ መሪውን ሳዞር፣ ከኮፈኑ ሥር ረጅምና እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ይወጣል። መሪው ሲቃና ድምፁም ይጠፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም አይሰማም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም ወዲያና ወዲህ ስል ግን ይብስባታል። ጎረቤቴ ከበረንዳቸው ሆነው «ዛሬም አመማት እንዴ?» ይሉኝ ጀምረው ነበር።

መኪናዋ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምትታይ አሮጌ ኮሮላ ናት። መሪዋ እንደ አዲሶቹ በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይሆን በዘይት ግፊት ነው የሚታገዘው። ሠፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ኮፈኑን ከፈተ፣ የመሪውን ዘይት ዕቃ ክዳን ፈታ፣ አጎንብሶ አየ። «ጎድሏል» አለ። ሞላው። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ እየሰጠ መሪውን ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ከቀኝ ጥግ ወደ ግራ ጥግ አላጋው። «አየሩ ይውጣ ብዬ ነው» አለኝ። ድምፁ ቀነሰ። ሥራው ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ከፈልኩና ወጣሁ።

ድምፁ ተመለሰ። ዘይቱም ጎድሎ ተገኘ። እንደገና ሞላልኝ፣ እንደገናም አላጋው። ነገሩ እንዲህ እየተደጋገመ ሲሄድ ከድምፁ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር፤ ዘይቱ የት ነው የሚሄደው? የሞተር ዘይት ከነዳጁ ጋር ሊቃጠል ይችላል። የመሪ ዘይት ግን የሚቃጠልበት ቦታ የለውም። መንገዱ ዝግ ነው፤ ከዕቃው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ በወፍራሙ ቱቦ ወደ መሪው ጥርስ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ዕቃው። ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። ወጣ ከተባለ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ መታየት አለበት። ማታ ካርቶን አነጠፍኩባት። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው።

ይህን ለወጣቱ መካኒክ ብነግረው ከሥር ገብቶ በባትሪ አየና «ንጹሕ ነው፣ የሚያንጠባጥብ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚያንጠባጥብ አልነበረም። ነገር ግን ይህ መልስ ጥያቄዬን ከማስወገድ ይልቅ አባሰብኝ። የማይፈስ ዘይት እንዴት ይጎድላል? እሱ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ አልወሰደውም። ለእሱ የጎደለ ነገር ይሞላል፣ በቃ።

«አሁን እየው»

ወደ ቄራ አካባቢ ጥግ ይዘው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንዳሉ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ። ያገኘኋቸው ቀን ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ። መቼ ጀመረው? ጠዋት ነው ወይስ ሁልጊዜ? ምን ዓይነት ዘይት ነው የጨመሩበት? ሦስተኛውን ጥያቄ አልመለስኩም፤ ቀይ መሆኑን እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር። «ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ። «የፍሬን ዘይት የሚጨምሩ አሉ። ፓራኦሊዮውን፣ ዘይት የሚያግደውን ጎማ ሁሉ፣ አሳብጦ ይጨርሰዋል።» ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነቶቹ መኪኖች የሚያዘው ዴክስሮን የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ መደቡ ሁለት ወይም ሦስት። የፍሬን ዘይት ከሱ ጋር የሚያገናኘው ፈሳሽ መሆኑ ብቻ ነው።

ኮፈኑ ተከፈተ። ጋሼ ወደ መኪናዋ ሆድ አልገቡም። የዘይቱን ዕቃ ጎን በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥቁር፣ እርጥብ አቧራ። ከክዳኑ ሥር ጀምሮ በዕቃው ጎን ቁልቁል ወርዶ በታችኛው ብረት ላይ ተጋግሯል። ስንት ጊዜ ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት የሞተር ቆሻሻ ነው ብዬ ያለፍኩት። እሳቸው ምንም ሳይሉ በጨርቅ ጠረጉት፤ ዕቃው ነጣ ብሎ በውስጡ ያለው ዘይት ከውጭ ይታይ ጀመር።

ከዚያ ሞተሩን አስነሡ። ነዳጅ አልሰጡትም፣ በሚኒሞ ብቻ። መሪውን አቃኑት። እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዘይቱ የደረሰበት ቦታ ላይ በዕቃው ላይ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ለተለማማጃቸው «አጥፋው» አሉት። እኔን ደግሞ «አሁን እየው» አሉኝ።

ሞተሩ ጠፋ። ማንም ዘይት አልጨመረም፣ ማንም መሪውን አልነካም። ዘይቱ ግን መውጣት ጀመረ። በመጀመሪያ ከመስመሩ ጋር ተስተካክሎ የቆመ መሰለኝ፤ ቀስ እያለ መስመሩን ዋጠው፣ አለፈው፣ ከመስመሩ በላይ የጣት ውፍረት የሚያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ገጽታውም ተለወጠ። ቀይ መሆኑ ቀርቶ ሐምራዊ፣ የደፈረሰ፣ ከላዩም ደግሞ እንደ ማኪያቶ ደቃቅ አረፋ የለበሰ ሆነ። ክዳኑ ቢገጠም ኖሮ ጥቂቱ በክዳኑ መተንፈሻ ወጥቶ በጎኑ እንደሚወርድ ግልጽ ነበር። የጠረጉት አቧራ ለምን እርጥብ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

«ይኸው ዘይትህ» አሉኝ ጋሼ። «የጠፋውም እዚህ ነው፣ የሚያስጮኸውም እዚህ ነው።»

ይህችን ደቂቃ ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። ከዚያ በፊት ስለ መሪ ዘይት የነበረኝ ጥያቄ አቅጣጫው የተሳሳተ ነበር። ምን ወጣ እያልኩ ስጠይቅ መልሱ ምን ገባ የሚለው ውስጥ ነበር። ዘይት ሲጫን አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ እንኳ ጥቂት ባር ይሆናል፤ ያም ቢሆን በዘይቱ ውስጥ የተበተነውን አየር ለማሳነስ ይበቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይለቃል፣ እያንዳንዷ አረፋ ወደ ቀድሞ መጠኗ ትመለሳለች፣ ዘይቱንም ትገፋዋለች። በዚህ ዝግ መንገድ ውስጥ ዘይቱ የሚሸሽበት ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃው። በኋላ የቶዮታን የጥገና መመሪያ ሳነብ ይህንኑ ፍተሻ አገኘሁት። በሚኒሞ ሳለ ለካ፣ አጥፋ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደገና ለካ፤ ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም ይላል። ጋሼ ማስመሪያ አላስፈለጋቸውም።

መሪው ወደ ጥግ ሲጠጋማ ግፊቱ ሌላ ነው። በተለመዱት መኪኖች ከ70 እስከ 100 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከ2 ባር ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። በ70 ባር የተጫነ አየር በእኛ ከተማ ከሚይዘው ቦታ አንድ መቶኛ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ዘይቱ መሪውን ሊገፋ የሄደበትን ኃይል ከፊሉን አየሩን በመጭመቅ ያባክነዋል። ለዚህ ነው መሪው አንዴ ቀሎ አንዴ ከብዶ የሚሰማው። የምንሰማው ጩኸት ደግሞ የፓምፑ ነው። የፓምፑ ክንፎች የሚለሰልሱት በዚሁ ዘይት ነው፤ አረፋ ሲደርሳቸው ብረት ከብረት ይፋጫል። ጩኸቱን ችሎ የሚነዳ ሰው ፓምፑን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየፋቀው ነው።

የማያንጠባጥብ ቀዳዳ

ታዲያ አየሩ በየት ገባ? ወጣቱ መካኒክ ከሥር ገብቶ ያጣውን ጋሼ ከላይ ሆነው አገኙት። ከዕቃው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በሁለት ጣት ጨበጡት። መታጠፍ የነበረበት ጎማ አልታጠፈም፤ በሞተሩ ሙቀት ደርቆ ጠንክሯል። ጫፉ ላይ የታሰረው ፋሼታ፣ ማጥበቂያው ቀለበት፣ በቦታው አለ፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ግን በፀጉር ስንጥቆች ተሞልቷል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ወገን አለ። ከፓምፑ ወዲያ ያለው ቱቦ ግፊት የሞላበት ነው፤ እሱ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ዘይቱ ተረጭቶ ይወጣል፣ መንገድ ላይም ምልክቱን ይተዋል። ከፓምፑ ወዲህ፣ በፓምፑና በዕቃው መካከል ያለው ጎማ ግን መጥመጫ ነው። ፓምፑ ሲሠራ በዚያ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ይሆናል። እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ዘይት አያወጣም፤ አየር ያስገባል። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ካርቶኑ ይደርቃል፣ መካኒኩም ንጹሕ ነው ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሄኛው በሽታ ግን ራሱን የሚደብቅ ነው። የሚያሳብቅበት ከቀዳዳው ርቆ ያለው የዕቃው ክዳን ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ሳስበው አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ። ፓምፑ ዘይት የሚያገኘው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የውጭው አየር ዘይቱን ከላይ ተጭኖ ወደ ፓምፑ ይገፋለታል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው የሚገኘው። ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ይህ ብቻውን መኪና አያበላሽም፣ ፓምፖቹም ይህንን ችለው ዓመታት ይሠራሉ። ነገር ግን ለፓምፑ የተተወለት ትርፍ እዚህ ከወደቡ ያነሰ ነው። ከዕቃው ሥር ያለው ወንፊት ቢደፈን፣ ዘይቱ በጠዋቱ ብርድ ቢወፍር፣ ጎማው ቢጠብ፣ እዚህ ላይ ቶሎ ይሰማል። የሐምሌ ጠዋት ጩኸት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከፍታው በሌላ በኩል ደግሞ ይጠቅማል። አንዳንድ አምራቾች አየሩን በቫኪዩም ስቦ ማውጣትን ያዝዛሉ፤ በዕቃው አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ 20 ኢንች ሜርኩሪ ያህል መሳብ ነው። እዚህ መለኪያው ቢለፋ ቢለፋ ከ22 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚሳብ አየር የለምና። ያው 20 ኢንች ግን እዚህ ሲሳብ የሚቀረው ግፊት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ ያለች አረፋ ወደብ ላይ ሦስት እጥፍ የምታብጥ ከሆነ እዚህ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ታብጣለች። ያበጠች አረፋ ቶሎ ትወጣለች። ጋሼ ይህ ዕቃ የላቸውም። ብነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እኔ የምጠቀመው ሌላ ነው» አሉኝ። ምን እንደሆነ ያየሁት በማግሥቱ ነው።

ሞተር ሳይነሣ

የጎማ ቱቦውን ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ራሴ ገዛሁት። ጋሼ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ለራዲያተር ውሃ የተሠራ ጎማ እንዳልገዛ። ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ዘይት ሲነካው ግን ያብጥና ይልማል። ሻጩ «ሁሉም ጎማ ጎማ ነው» ሲለኝ ሌላ ሱቅ ሄድኩ።

መኪናዋ ከፊት በክሪክ ተነሣች፤ ከሥሯም ጠንካራ የብረት መቆሚያ ገባላት። ክሪክ ብቻውን ሰው ከሥሩ ሊገባ የሚታመን ዕቃ አይደለም። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ሲሆኑ ሞተር ባይነሣም መሪው በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ጋሼ ወደ ዕቃው የሚመለሰውን ቀጭን ቱቦ ነቅለው ጫፉን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ በዕቃው ላይ የቀረውን አፍ ደፈኑት። ተለማማጁ መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር አሮጌው ዘይት በቱቦው እየተገፋ ወጣ። ቡናማ ነው፣ የተቃጠለ ይሸታል። ጠቅላላው ከአንድ ሊትር ብዙም የሚያልፍ አይደለም። ዕቃው ተነቅሎ ሲታጠብ ከወንፊቱ ላይ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ወረደ፤ የደረቀው ጎማ ከውስጥም እየተፈረፈረ ነበር። አዲሱ ጎማ ገባ፣ አዲስ ፋሼታ ታሰረ፣ ዘይቱ ተሞላ።

እኔ ሞተሩ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። አልተነሣም። ተለማማጁ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መሪውን ወደ ግራ ጥግ አደረሰው፣ ቆየ፣ ወደ ቀኝ አደረሰው፣ ቆየ። ዕቃው ውስጥ ትልልቅ አረፋዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ፈነዱ። የዘይቱ ደረጃ ወረደ። ጋሼ ጨመሩበት። ደግሞ ዞረ። ፍጥነት ሲጨምር «ቀስ፣ አንተ ልጅ» ይሉታል።

ለምን ሞተሩን አስነሥተው እንደማይጨርሱት ጠየቅኳቸው። «ሞተሩ ከተነሣ ፓምፑ አየሩን ያደቀዋል፤ የደቀቀ አየር አይወጣም» አሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ነገሩን ሁሉ ያፈታታችልኝ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪው ሲዞር በመሪው ጥርስ ቤት ውስጥ ያለው ፒስተን ራሱ እንደ ቀርፋፋ ፓምፕ ሆኖ ዘይቱንና አየሩን ወደ ዕቃው ይገፋል፤ አረፋዎቹ ትልልቅ እንደሆኑ ይደርሳሉ። ሞተሩ ነዳጅ እየተሰጠው ሲሽከረከር ግን የፓምፑ ክንፎች በደቂቃ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞሩ ያንኑ አየር ይከታትፉታል። የአረፋ መጠን ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እንዳሰላው፣ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የምትወጣ ትንሽ አረፋ ስፋቷ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ይወርዳል። በአሥር እጅ ስታንስ ፍጥነቷ በመቶ እጅ ያንሳል። በአንድ ደቂቃ መውጣት የነበረበት አየር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ያ ሠፈር ያለው ልጅ መሪውን ሲያላጋ አየሩን እያስወጣ አልነበረም፤ እያዋሐደው ነበር። ድምፁ የቀነሰውም ደረጃው ስለተሟላ እንጂ አየሩ ስለወጣ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እዚህ ቤት ቃል በቃል ይሠራል፤ አፍሶ የሚለቅመው ግን እሱ ሳይሆን ደንበኛው ነው።

አረፋው ሲያልቅ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ትቆይ» አሉ። ክዳኑን ከላይ ጣል አድርገው ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። የሚጠቀሙት ሌላ ዕቃ ይህ ነበር። ሰዓታት አለፉ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ወርዳ ሞተሩ ተነሣ፤ በሚኒሞ ጥቂት ከሠራ በኋላ መሪው ወደ ጥግ እየደረሰ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ብቻ ቆሞ ተመለሰ። ከዚያ በላይ ጥግ ላይ መያዝ ጥሩ አይደለም፤ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ በማስተንፈሻው ቫልቭ በሙሉ ግፊት ስለሚያልፍ ቶሎ ይግላል። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪውን ጥግ ላይ አጥብቀው ይዘው የሚከራከሩ ሾፌሮችን ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

መስመሩ እንደገና ተሰመረ፣ ሞተሩ ጠፋ። ዘይቱ ተንቀሳቀሰ ለማለት ዓይን ማጥበብ ያስፈልግ ነበር። ቀለሙም ቀይ፣ ጥርት ያለ። ያው የቶዮታ መመሪያ በአረፋ ምክንያት አየሩን ሁለት ጊዜ ማስወጣት ካስፈለገህ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን ፈትሽ ይላል። ይህች ምክር በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ብትጻፍ ደስ ይለኛል።

የጥበቃ ዋጋ

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ መኪና አይደለም ማለት ይቻላል። ጋሼ ሲያስከፍሉኝ የጎማው፣ የፋሼታውና የዘይቱ ዋጋ አልተነሣም፤ እኔው ነኝ የገዛሁት። የእጅ ዋጋ ነገሩኝ። ከሠፈሩ ጋራዥ ይበልጣል፣ በጥሩ ልዩነት። ተከራከርኩ፤ ባልከራከር ኖሮ ራሳቸውም ይገረሙ ነበር። እሳቸው ግን «መኪናህ ቀኑን ሙሉ ቦታዬን ይዛ ነው የዋለችው፤ ሌላ መኪና አላስገባሁም» አሉ።

እውነት ነው፣ ግን ሌላም ነገር አለው። እኛ ደንበኞች ለሚንቀሳቀስ እጅ እንጂ ለሚጠብቅ ሰው አንከፍልም። ካቻቪቴ የያዘ፣ የሚያንኳኳ፣ ሞተር የሚያስጮህ መካኒክ ሥራ ላይ ነው እንላለን። ኮፈን ከፍቶ ቆሞ የሚያይ መካኒክ ግን ሰነፍ ይመስለናል። አጠገቡ ቆመን ሰዓት እናያለን፤ «አልጨረስክም እንዴ ጌታው?» እንላለን። ታዲያ ያ ወጣት ምን ያድርግ? ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ማላጋት የሚታይና የሚሰማ ሥራ ነው፤ ደንበኛውም ተደስቶ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሚፈታው ግን ደንበኛው ከጋራዡ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ተጠያቂ የለውም። የተማረው እንደዚያ ነው፣ ያስተማረውም ገበያው ነው። እኔ በእሱ መፍረድ አልችልም፤ ሥራውን ግን መልካም ነው አልልም።

መሪን በዘይት ግፊት የማገዝ ሐሳብ ራሱ ገዢ እስኪያገኝ ብዙ ጠብቋል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በፒርስ አሮው ኩባንያ ከባድ መኪኖች ላይ ሲሠራ የሾፌሮቹን ድካም አይቶ ነው የጀመረው፤ በ1926 በመኪና ላይ ገጥሞ አሳይቶታል። ጄኔራል ሞተርስ ፍላጎት አሳይቶ በውድነቱ ተወው። ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የወጣው በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ እየሄደ ነው። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የሚጨመሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የላቸውም። የጋሼ ተለማማጅ ይህን ሙያ ተምሮ ስንት ዓመት እንደሚበላበት አሰብኩ። ረጅም ይመስለኛል፤ እዚህ አገር የገባ ኮሮላ በቀላሉ አይወጣም።

ቤት ስገባ ለወንድሜ የከፈልኩትን ነገርኩት። እሱ ሒሳብ ያውቃል፣ ደሞዙም ከኔ ይሻላል፣ መኪናውን ግን በፈጣኑ ጋራዥ ነው የሚያሠራው።

«ስንት ሰዓት ሠሩበት?» አለኝ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

«የቀረውስ?»

«ምሳ በሉ።»

«እና ለምሳቸው ነው የከፈልከው?»

ስለ አረፋው መጠንና ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሩቡና ስለ መቶኛው አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ፣ መሐል ላይም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ግን መኪናዬን ጠዋት እዚያ አቁሜ በነፃ ቤቴ ውስጥ መጠበቅ ስችል ለሌላ ሰው ጥበቃ መክፈሌ ትርጉም የለውም አለ። እኔ ደግሞ መቼ ጠብቆ መቼ ማስነሣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሲጠብቅና እኔ ስጠብቅ አንድ አይደለም አልኩት። እራት ቀርቦ ጉዳዩ እዚያው ላይ ቆመ፤ አሁንም በዋጋው አልተስማማንም።